ከግንቡ ውጭ የቀረ ድምፅ

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻቸው ሲያደርጉ የተረከቧት አገር ጦርነት ያደከማት ነበረች። አባታቸው ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት የመንግሥት ሃይማኖት ካደረጉ በኋላ አገሬው ለሁለት ተከፍሎ ተላልቋል። በወይና ደጋ ጦርነት ከላስታ የወረደው ገበሬ በሺዎች ረግፏል። ሱስንዮስም ድል የነሱት የገዛ ሕዝባቸውን መሆኑ ከብዷቸው ሃይማኖቱን መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። ፋሲል ግንባቸውን ያቆሙት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት አብዛኞቹ ነገሥታት ድንኳን እየተከሉ፣ ድንኳን እየነቀሉ ነበር የሚኖሩት። ሠራዊቱ የአንዱን አገር እህልና ማገዶ ሲጨርስ ወደ ሌላው ይነሣል። ግንብ የሠራ ንጉሥ ግን እንዲያ ማድረግ አይችልም። ወዳጁም ጠላቱም የት እንደሚያገኘው ያውቃል።

ሕንፃውን ቀርበው ሲያዩት ይህ እውቀት ድንጋዩ ላይ አለ። ባለ ሦስት ደርብ ነው፤ ከላይ ካለው ማማ ጋር 32 ሜትር ያህል ይነሣል። በአራቱ ማዕዘን አናታቸው እንቁላል የመሰለ ድቡልቡል ማማዎች ቆመዋል፤ የግድግዳው ጫፍ ደግሞ ተኳሽ ተከልሎበት እንዲያነጣጥር ጥርስ ጥርስ ሆኖ ወጥቷል። ድንጋዩ ያልተጠረበ፣ ጥቁር ቡናማ ነው፤ የበሩና የመስኮቱ ቅስት ብቻ ቀላ ባለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተከቧል። ሁሉንም ያያዘው ኖራ ነው። የኖራ ሥራ በዚያ አካባቢ የተስፋፋው በሱስንዮስ ዘመን ከሕንድ በመጣ ባለሙያ እጅ እንደሆነ ይነገራል፤ አባትየው ከአውሮፓና ከሕንድ ካስመጧቸው ነገሮች መካከል ልጅየው የካቶሊክ ካህናቱን አባርረው ኖራውን አስቀሩ። ፍርሃትና ተስፋ እንዲህ ባንድ ግድግዳ ሲገነቡ ሌላ ቦታ አላየሁም። ማማው ጠላት ሲመጣ ከሩቅ እንዲታይ የቆመ ነው፤ ኖራው ደግሞ የልጅ ልጅ እንዲኖርበት።

ከፋሲል በኋላ የነገሡት ልጆችና የልጅ ልጆች እዚያው አጠገብ የየራሳቸውን ጨመሩ። የዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የታላቁ ኢያሱ ቤተ መንግሥት፣ የዳዊት የዘፈን አዳራሽ፣ የበካፋ ግብር ቤት፣ የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ተራ በተራ ቆሙ። ዙሪያውን የከበበው አጥር 900 ሜትር ያህል ነው። ባለ ብዙ በር አጥር ነው፤ ለእኔ ከግንቦቹ ይልቅ የሚናገሩት እነዚህ በሮች ናቸው። ወንበር በር የዳኞች ነው። ባልደራስ በር የፈረሰኛው አለቃ ነው። በእምቢልታ በር ነጋሪት መቺዎቹና ነፊዎቹ ይገባሉ። በቋሊ በር የእቴጌይቱ አጃቢዎች፣ በተዝካሮ በር ለሙታን መታሰቢያ የመጡት ይገባሉ። እልፍኝ በር አለ፣ ራስ በር አለ፣ እርግብ በር አለ። አንድ ሰው በየትኛው በር እንደሚገባ ከታወቀ ማን እንደሆነ ታወቀ ማለት ነው። ለእርግብ እንኳ በር የተሰየመበት ግቢ ነው።

በር ያልተሰየመለት ሰውስ? እሱ ከውጭ ሆኖ ይጮኻል። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለዚህ ጩኸት የጻፈው ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። ከየአገሩ የተበደለ ሰው መጥቶ በቤተ መንግሥቱ ደጅ ከጠዋት እስከ ማታ በየቋንቋው «ጃንሆይ፣ ፍረደኝ» እያለ ይጮህ ነበር። ይህ ድምፅ የንጉሥነት ምልክት ነበር፤ ሰው ወደሱ የሚጮህለት እሱ ንጉሥ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ይሞላል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ ከሩቅ የሚመጣ አቤት ባይ ይቀራል። ያን ጊዜ፣ ይላል ብሩስ፣ ንጉሡ ግቢው ጸጥ ብሎበት ብቸኝነት እንዳይሰማው ተከፍሏቸው የሚጮኹ ሰዎች ነበሩ። ምንም ያልተበደሉ ሰዎች የተበዳይ ለቅሶ ያለቅሱ ነበር፤ ያውም ለንጉሡ ክብር።

ይህን ታሪክ እንደ ቀልድ ማሳለፍ ይቻል ይሆናል፤ እኔ አልችልም። ሥልጣን ራሱን በግድግዳ ከከለለ በኋላ የሚደርስበትን ነገር ከዚህ አጥርቶ የሚያሳይ ወሬ አላውቅም። ግድግዳው የተሠራው የውጭውን ድምፅ ለመምረጥ ነው። ማን ይሰማል፣ ማን ይቆያል፣ ማን ጨርሶ አይሰማም የሚለውን ለመወሰን ነው። ሲውል ሲያድር ግን ውስጥ ያለው ሰው የራሱ ጸጥታ ያስፈራዋል። የእውነተኛውን ሕመም ድምፅ ይናፍቅና፣ ሕመሙን ሳይሆን ድምፁን ይገዛል። ፍርድ ለጠየቀው ፍርድ መስጠት ከባድ ነው፤ የፍርድ ጥያቄን ማስመሰል ግን ቀለብ ብቻ ይጠይቃል። ከዚያ ወዲህ በስንት ግቢ፣ በስንት አዳራሽ፣ በስንት የተሰናዳ ስብሰባ ይህንኑ ሰምተናል።

ብሩስ በገባበት ሰሞን በጎንደር ላይ የነበረው ጌታ ንጉሡ አልነበረም። ራስ ሚካኤል ስሑል ዓመት ከማይሞላ ጊዜ በፊት ዐፄ ኢዮአስን በሻሽ አሳንቀው አስገድለዋል፤ የዘመነ መሳፍንት መባቻ የሚባለው ይህ ነው። ብሩስ በቅርብ ስለሚያውቃቸው ስለ ራስ ሚካኤል ሲጽፍ ዓይናቸው የወጣ ምርኮኞችን፣ በአደባባይ የተገደሉ ሰዎችን፣ ማታ ማታ ለሬሳ ወደ ከተማው የሚገቡ ጅቦችን ይጠቅሳል። አጥሩ ይህን ሁሉ አላስቆመም። ንጉሥን ከውጭ ጠላት የሚከላከል ግንብ ከገዛ ራሱ አዛዥ ሊከላከለው አይችልም። ታላቁ ኢያሱን ያስገደሉት በልጃቸው ዙሪያ የተሰባሰቡ ሰዎች ናቸው፤ የዘፈን አዳራሽ የሠሩት ዳዊትም የሞቱት በመርዝ ነው ይባላል። ማማ ላይ የቆመው ዘበኛ ወደ ውጭ እያየ ሳለ ሞት በእልፍኝ በር ይገባ ነበር።

አሁን ወደ ግንበኞቹ ልመለስ። የጎንደር ነገሥታት ግንብ ሲነሣ ድንጋይ ከካቡት፣ እንጨት ከጠረቡት፣ ብረት ከቀጠቀጡት መካከል ቤተ እስራኤሎች ብዙ ነበሩ። ጥበባቸው ንጉሡ ዘንድ ያስጠጋቸዋል፣ መሬትና ማዕረግ ያገኙበትም ጊዜ ነበር፤ ያው ጥበብ ግን በገበሬው ዘንድ ቡዳ ያሰኛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተቀመጠው ጉባኤ ሙስሊሙና ቤተ እስራኤሉ ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። ሙስሊሙ ወደ ቀሃ ወንዝ ወርዶ አዲስ ዓለም በሚባለው ሰፈር ተቀመጠ፤ የቤተ እስራኤሉም ሰፈር ለብቻው ሆነ። ይህን ውሳኔ ያወጀው ንጉሥ ጻድቁ ዮሐንስ የሚባለው፣ ከግቢው ሕንፃዎች ሁሉ ልከኛና ጸጥተኛ የሆነውን ቤተ መጻሕፍት ያሠራው ነው። መጽሐፍ የወደደ ሰው ጎረቤትን በአዋጅ መለየቱ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም፤ ሁለቱንም ይዞ መቆም ግድ ነው። ያን ቤተ መጻሕፍት ሳየው ደስ ይለኛል። ደስታዬ ግን ድንጋዩን የካበው ሰው ማታ ወደየት ይገባ እንደነበር ከማስታወስ ነፃ አይወጣም።

የነዚያ ግንበኞች ልጆች ዛሬ በአብዛኛው ጎንደር አይደሉም። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል ሄደዋል። አሽዶድ፣ ነታኒያ፣ ሬሆቮት ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛውን ከአያቱ አፍ የለቀመ ልጅ ጎንደርን ሊጎበኝ ቢመጣ፣ አስጎብኚው ግንቡን እያሳየ ንጉሡን ይነግረዋል፤ ስለ ፖርቱጋል፣ ስለ ሕንድ፣ ስለ ቱርክ ተጽዕኖም ያነሣለታል። የአያት ቅድመ አያቱ እጅ ግን ከተነሣ የሚነሣው በወለቃ መንደር፣ ከሸክላ ምስሎቹ ጋር፣ ከከተማው ውጭ ነው። አዋጁ ከወጣ 350 ዓመት አልፎታል፤ አሰፋፈሩ በጉብኝቱ ተራ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ከዋናው ግቢ ውጭ፣ ከፒያሳ አጠገብ፣ ራስ ግንብ የሚባል ቤት አለ። የከተማው ሰው ከራስ ሚካኤል ስሑል ስም ጋር ያያይዘዋል። የመኳንንት ቤት ነው፤ ከነገሥታቱ ግንቦች ጋር ሲተያይ ትንሽ ቢሆንም በአሠራር የነሱው ወገን ነው፤ ድንጋዩ ያው፣ ኖራው ያው፣ ማማው ያው። የኋላ ዕጣው ግን የብቻው ነው። ጣሊያን ጎንደርን ሲይዝ የጄኔራል መኖሪያ ሆነ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ጎንደር ሲመጡ ያርፉበት ነበር። ደርግ ሲመጣ ሰው የሚታሰርበት፣ የሚመረመርበት፣ የሚገረፍበት ሆነ። ዛሬ ሙዚየም ነው።

ስለ ጥንት ቤቶች ስናወራ ዘወትር የምንደግመው ነገር አለ፤ ቤት ሰው ካልኖረበት ይፈርሳል እንላለን። የቅርስ ባለሙያዎችም ይህን ይቀበሉታል፤ ጭስ የማይወጣበት ጣሪያ ቶሎ ያፈስሳል፣ የማይከፈት መስኮት ይበሰብሳል። ራስ ግንብ ግን ይህን ሐሳብ ይፈትነዋል። ባዶውን አልቀረም፤ በየዘመኑ ሰው ነበረበት፣ ምናልባትም እስከ ዛሬ መቆሙ ለዚያ ይሆናል። ያቆመው አገልግሎት ግን ምን ዓይነት አገልግሎት ነበር? ወፍራም ግድግዳ የድሮውን ራስ ከጠላት ጥይት ይጠብቃል፤ ያው ግድግዳ የታሳሪውን ጩኸት ከመንገደኛው ጆሮ ይጠብቃል። ሌላ ቤት መፈለግ አላስፈለጋቸውም። ግንቡ የተሠራው ድምፅ ለመምረጥ ነው ካልን፣ ደርግ ቤቱን በሚገባ ተጠቅሞበታል፤ ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

ስለዚህ የመጠቀምና ያለመጠቀም ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። ጣሊያኖችም የፋሲልን ግቢ ተጠቅመውበታል፣ አድሰውታልም። ሲያድሱት ግን ሲሚንቶና ብረት አርማታ አስገቡበት። ኖራ እርጥበትን ይቀበላል፣ መልሶም ይለቃል፤ ከድንጋዩ ጋር ይሰፋል፣ ከድንጋዩ ጋር ይጠብባል። ሲሚንቶ ግን ድርቅ ያለ ነው። ውሃውን ከውስጥ አፍኖ ይይዘዋል፣ ያ ውሃ መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ይበላዋል፤ ግድግዳው ከውጭ ጠንካራ መስሎ ከውስጥ ይሻግታል። ከ1960ዎቹ ወዲህ፣ በተለይም ቦታው እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበበት አካባቢ፣ ይህን ሲሚንቶ እየፈነቀሉ በኖራ መተካት ትልቅ ሥራ ሆነ። ድል አድራጊ የሰውን ቤት ሲይዝ እንዴት እንደሚያድሰው በዚያ ይታያል። ለዓይን የሚሞላ፣ ለፎቶግራፍ የሚመች፣ ለራሱ ዘመን የሚበቃ አድርጎ ነው። በኅዳር 1934 ዓ.ም. የጣሊያን የመጨረሻው ጦር በጎንደር እጁን ሲሰጥ የእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ የኢያሱን ግንብ ጎድቶት ነበር። ከዚያ በፊት ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም.፣ ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ከተማዋን አቃጥለዋታል። ግንቡን ያደከመው ክረምት ብቻ አይደለም።

ሌላ ዓይነት አገልግሎት ለማየት ከመሐል ከተማ ወደ ቀሃ መውረድ ነው። የፋሲል መዋኛ የሚባለው ቦታ የራሱ አጥር ያለው፣ በሰፊ ገንዳ መሐል ባለ ደርብ ቤት የቆመበት ነው። ዓመቱን ሙሉ ገንዳው ደረቅ ሆኖ ይከርማል። የትላልቆቹ ዛፎች ሥር በአጥሩ ድንጋይ ላይ ወርዶ፣ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ፣ ግድግዳውን አቅፎ ይዞታል፤ ዛፉ ይፈንቅለው ወይስ ይደግፈው አንዳንዴ መለየት ያስቸግራል። ጥምቀት ሲቀርብ የቀሃ ውሃ በቦይ ተጠልፎ ይገባል። ጥር 10 ቀን ለከተራ ታቦታቱ በካህናት ራስ ላይ ሆነው ይወርዳሉ፤ ሌሊቱ በማሕሌት ያድራል፤ ንጋት ላይ ውሃው ሲባረክ ጎረምሳው ከነልብሱ ዘሎ ይገባል። በዚያች ቀን በር የተሰየመለትና ያልተሰየመለት የለም። የንጉሥ መዋኛ የነበረው ውሃ ወጣቱን፣ ሽማግሌውን፣ ከገጠር በእግሩ የመጣውን ገበሬ፣ ከዋሽንግተንና ከፍራንክፈርት ለበዓሉ የመጣውን ሁሉ ያረጥባል። ድምፅም አለ፤ እልልታ፣ ሆታ፣ ከበሮ። ማንም ተከፍሎት አይደለም የሚጮኸው።

ይህን እንደ ንጹሕ ምሳሌ ማቅረብ ግን አልፈልግም። በጥር 2012 ዓ.ም. በዚያው በዓል ለተመልካች የቆመ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎች ቆስለዋል። ሕዝብ የሚገባበት ቅርስ ሕዝብ የሚሸከም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለድንጋዩ የምናስበውን ያህል በድንጋዩ ዙሪያ ለሚቆመው ሰው ካላሰብን ቤቱን መክፈታችን በቂ አይደለም።

አዲስ አበባ ውስጥ ለራስ ግንብ ትምህርት የሚሆኑ ሁለት ቤቶች አሉ። ገነተ ልዑል የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ነበር። በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት የታገቱት መኳንንትና ሚኒስትሮች በአረንጓዴው ሳሎን ተረሸኑ። ከአንድ ዓመት በኋላ ቤቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ሆኖ ተመረቀ፤ ዛሬ በውስጡ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ፣ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትም ለጎብኚ ክፍት ነው። ልጆቻችን በጠመንጃ የተበጠሰ ንግግር ባለበት ቤት መጽሐፍ ሲገልጡ ኖረዋል። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ደግሞ በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ሆኖ ሲከፈት፣ ደርግ የንጉሡን ባለሥልጣናት አስሮበት የነበረው ምድር ቤት አብሮ ለሕዝብ ታየ። ዙፋኑ ከላይ፣ እስር ቤቱ ከታች፣ በአንድ ጉብኝት። ይህን ያደረጉትን አመሰግናለሁ፤ አንዱን አሳይቶ ሌላውን መቆለፍ ቀላል ነበር።

በቅርብ ዓመታት በፋሲል ግቢ ሰፊ እድሳት ተካሂዷል፤ ለጎንደር ልጅ ይህ ትልቅ ደስታ ነው። የሚፈራርስ ግድግዳ እያየን ስንቆዝም ኖረናል። ከድንጋዩ ጋር የሚታደሰው ነገር ምን መሆን እንዳለበት ግን አብረን እንነጋገር። የቤተ እስራኤል ግንበኞች በወለቃ ብቻ ሳይሆን በግቢው ውስጥ፣ ኖራው በሚተረክበት ቦታ፣ ስማቸው ይነሣ። በአዲስ ዓለም የነበረው የሙስሊም ነጋዴ፣ የቤተ መንግሥቱን ሐርና ሽቶ ከምጥዋና ከስናር ያመጣ የነበረው፣ ከግቢው ታሪክ ውጭ አይሁን። በደጁ የቆመው አቤት ባይ፣ ብሩስ የሰማው ያ በየቋንቋው የሚጮኸው ሰው፣ ለጎብኚው ይነገር።

ራስ ግንብን በሚመለከት ጊዜ የለንም። በ1970 ዓ.ም. የ18 ዓመት ተማሪ የነበረ እስረኛ ዛሬ 60ን ተሻግሮ ወደ 70 እየሄደ ነው፤ ልጇን ስንቅ ታቀብል የነበረች እናት በሕይወት ካለች 90 ደርሳለች። ነገሥታቱ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ነበራቸው፤ እነዚህ አልነበራቸውም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የታሪክና የቅርስ ተማሪዎች በየሰፈሩ ዞረው፣ መቅረጫ ይዘው፣ በፈቃዳቸው የሚናገሩትን ቢጠይቁ የሚጠየቀው ብዙ ነው፦ የትኛው ክፍል እንደነበሩ፣ ስንት ሆነው ያድሩ እንደነበር፣ በመስኮቱ ምን ይታይ እንደነበር፣ ከውጭ የማን ድምፅ ይሰማ እንደነበር፣ ማን ተጠርቶ ወጥቶ እንዳልተመለሰ። ለሙዚየሙ የሚሆነውን ቤተሰቦቻቸው ይምረጡ፤ የማይፈልጉት ይቅር። የተመረጠው ግን በአማርኛ ተጽፎ፣ በዚያው ክፍል፣ ከራስ ሚካኤል ታሪክ እኩል በሚታይ ቦታ ይሰቀል።